ጥሬ እንቁላልና አረጋውያን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ጥሬ እንቁላል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንቁላል ይብላ፤ ደጋግሞም ይብላ። ግን ይብሰልለት።

ጥያቄ፦ አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ጥሬ እንቁላል ወተት ውስጥ መትተው ይጠጣሉ። ስከለክላቸው «ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠጣ ኖሬ ምን ሆንኩ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ውሸት አልተናገሩም። አብዛኛው እንቁላል ምንም የለበትም። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወቅት የተገመተው፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ በውስጡ ያለው እንቁላል ከ20 ሺህ አንድ ገደማ ነው ተብሎ ነው። ስለዚህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጠጥቶ ላያጋጥመው ይችላል። ችግሩ ያ አንዱ በ76 ዓመታቸው ከደረሳቸው ነው።

ወጣት ሆነው ጨጓራቸው የሚያመነጨው አሲድ ከምግብ ጋር የገባውን ብዙ ባክቴሪያ ይፈጅ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የብዙ ሰው አሲድ ይቀንሳል። ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙም ይደክማል። ወጣቱን ጥቂት ቀን አስተኝቶ የሚለቀው ተቅማጥ አዛውንቱን ሆስፒታል ያስገባል። ውሃ ከሰውነታቸው ሲያልቅ ኩላሊት ይጎዳል፤ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሚወስዱ ደግሞ ይባስ ይፈጥናል። አንዳንዴም ባክቴሪያው ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የደም ሥራቸው በዕድሜ የተጎዳ ሰዎች ላይ ትልቁ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። በእኔ ሥራ ይህን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው የለም።

እንግዲህ ክርክሩን ተዪውና ጽዋቸውን አትንጠቂያቸው። እንቁላሉን ወተቱ ውስጥ ምቺው፣ በዝግታ እሳት ላይ አድርገሽ እስኪወፍር ድረስ ሳታቋርጪ አማስዪው። 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ሳልሞኔላው ይሞታል። ማር ከወደዱ ከወረደ በኋላ ጨምሪበት። ያው የለመዱት ነው፤ ትኩስ ሆኖ መጣ እንጂ።

ጥያቄ፦ ሲበስል ግን ኃይሉ አይጠፋም? ስፖርተኞችም ጥሬውን ነው የሚጠጡት።

መልስ፦ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ገደማውን ይጠቀማል፤ ከጥሬው ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ። ጥሬው ነጭ ውስጥ ደግሞ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፤ ሙቀት ያንን ይፈታዋል። አረጋውያን ጡንቻቸው እየሳሳ ስለሚሄድ ፕሮቲን በጣም ያስፈልጋቸዋል። ለአቅም ብሎ ጥሬ መጠጣት እንግዲህ ግማሹን መጣል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 69 ዓመቴ ነው። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ይህ ነገር እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ አዎ እናቴ፣ እርስዎን በተለይ ይመለከታል። ኦሜፕራዞል የሚሠራው አሲድ በመቀነስ ነው፤ ያ አሲድ ደግሞ አንዱ መከላከያዎ ነበር። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ጥሬውንና ለብለቡን እንቁላል ብቻ ይተዉ። ስኳር ያለባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱም እንደዚሁ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ እንቁላል ነው እንጂ የሀበሻው ምን ችግር አለው? የእኛ ዶሮዎች ጓሮ የሚውሉ፣ ጤነኞች ናቸው።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በብዙ መልክ መጣ፤ ስለዚህ ልዘርዝረው። ሳልሞኔላ እንቁላል ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከውጭ ነው፤ ቅርፊቱን ኩስ ይነካዋል፣ ስትሰብሩት ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ነው አታላዩ። አንዱ የሳልሞኔላ ዓይነት የዶሮዋ እንቁላል ማፍሪያ ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ገና ቅርፊት ሳያበጅ ውስጡ ይገባል። ዶሮዋ ደግሞ ምንም አትመስልም፤ ትበላለች፣ ትጭራለች፣ ትጥላለች። ስለዚህ ጤነኛ መምሰሏም፣ ሀበሻ መሆኗም፣ ጓሮ መዋሏም ዋስትና አይሆንም። ትልልቅ እርባታዎችም ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ አይዋ ግዛት ካሉ ሁለት እርባታዎች የወጣ ከ500 ሚሊዮን በላይ እንቁላል በዚሁ ምክንያት ከገበያ ተሰብስቧል።

ማጠብስ ላላችሁ፦ ቤት ውስጥ ባታጥቡት ይሻላል። ቅርፊቱ ላይ በተፈጥሮ ስስ መከላከያ አለ፤ ውሃ ያንን ያነሳዋል፣ ቆሻሻውንም በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ኩስ ያለበትን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ የተሰነጠቀውን አትግዙ። እንቁላል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ስከተው ከሰመጠ ደህና ነው ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም። መስመጡ አዲስ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርህ። ሳልሞኔላ ያለበት እንቁላል ዛሬ የተጣለ ሊሆን ይችላል፤ አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ሎሚ፣ ማር፣ ወይም ትንሽ አረቄ ጠብ ቢደረግበትስ? ትኩስ ቡና ውስጥ ቢመታስ?

መልስ፦ አንዳቸውም አያስተማምኑም። ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ቀዝቃዛ እንቁላል ሲገባበት ወዲያው ይበርዳል።

ጥያቄ፦ እኔ ለንደን ነኝ። እዚህ አሮጊቶቹ ሁሉ አስኳሉ የሚፈስ እንቁላል ይበላሉ፤ ሐኪሞችም ይፈቅዳሉ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለታችንም ልክ ነን። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በእንቁላል ሳልሞኔላ ትልቅ ቀውስ ነበር። ከዚያ በኋላ ዶሮዎችን መከተብ ጀመሩ፤ ቁጥጥሩም ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 የምግብ ደረጃዎች መሥሪያ ቤታቸው ምክሩን ቀየረ። ቀይ የአንበሳ ማህተም ያለበትን እንቁላል አረጋውያንም፣ እርጉዞችም፣ ሕፃናትም ጥሬውን ወይም ለብለብ ያለውን ቢበሉ ይችላሉ አለ። የመከላከል አቅማቸው በጣም የወደቀ ሕሙማንን ግን ፈቃዱ አይመለከትም። ማህተሙን አይተሽ ግዢ፣ ቤትሽ ላሉ አረጋውያንም ስጪ። ለእረፍት አዲስ አበባ ስትወስጃቸው ግን ያ ፈቃድ አብሯችሁ አይጓዝም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ በቅርፊቱ እንዳለ ፓስቸራይዝ የተደረገ እንቁላል ይሸጣል። ሳይበስል በሙቅ ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚሞቅ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኛም ለአረጋውያኑ አስኳሉ ያልረጋ እንቁላል የምናቀርበው ከዚህ ዓይነቱ ብቻ ነው፤ ደንቡ ያስገድዳል።

ጥያቄ፦ መብሰሉን በምን አውቃለሁ? አዲስ አበባ ነው የምኖረው።

መልስ፦ ነጩም አስኳሉም መርጋት አለባቸው። ጥብስ ከሆነ ገልብጦ ማብሰል፣ ፍርፍር ከሆነ ፈሳሽ እስኪጠፋ ማማሰል ነው። ስለ ቅቅል አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «10 ደቂቃ» የሚለው ምክር እዚያ አይበቃም፤ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩበት። አንዱን ሰብሮ ማየት ከሰዓት ይበልጣል። የዶሮ ወጡ እንቁላል በደንብ ተቀቅሎ ስለሚገባ አያሳስብም፤ ወጡ ግን ሌሊቱን ውጭ አይደር።

ጥያቄ፦ ሳናውቀው ጥሬ እንቁላል የምንበላበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ። ካፌ ውስጥ በእጅ የተመታ ማዮኔዝ፣ ከጥሬ የእንቁላል ነጭ የሚሠራ የኬክ ክሬም፣ ቲራሚሱ፣ ቤት የተሠራ አይስክሬም። በፋብሪካ ታሽጎ የሚሸጠው ማዮኔዝ ብዙውን ጊዜ ከፓስቸራይዝድ እንቁላል ነው። አያቶች ከልጅ ልጆች ጋር ሆነው የኬክ ሊጥ እንዳይልሱም አደራ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነኝ። ከሱቅ ይዤ ስመጣ ሙቀቱ አይጣል ነው።

መልስ፦ መንገድ ላይ አታቆዩው። ከፍሪጅ የወጣ እንቁላል ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። የተቀቀለውን በሳምንት ውስጥ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ሳልሞኔላ ታይፎይድ ማለት አይደል እንዴ? እናቴ ተመርምራ «ታይፎይድ» ተብላለች።

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ከሰው ወደ ሰው፣ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚዞር ነው፤ ከዶሮ አይመጣም። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ምርመራው የሚያየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ የቆየ ሕመምም ሌላ የሳልሞኔላ ዓይነትም «አለ» ሊያስብለው ይችላል። ከተቻለ የደም ወይም የሰገራ ካልቸር (ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ይሠራላቸው ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አክስቴ 81 ዓመታቸው ነው። ትናንት ጥሬ እንቁላል ጠጥተው ዛሬ ተቅማጥና ትኩሳት ጀመራቸው። እስኪያልፍ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቅ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ውስጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከእንቁላሉ ሊሆን ይችላል። በእሳቸው ዕድሜ ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። እስከዚያ ድረስ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) አጠጣቸው፤ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠህ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው መጠኑን ሐኪሙ ይንገርህ። ተቅማጥ ማቆሚያ ከፋርማሲ ገዝተህ እንዳትሰጣቸው፤ ትኩሳት ወይም ደም ሲኖር ሊጎዳ ይችላል። አንቲባዮቲክም በግምት አይጀመርም። ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ከተደናገሩ፣ ሰገራቸው ደም ካለው ወይም የጠጡትን ሁሉ ካስመለሱ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርገህ ያዝ። ጥሬ እንቁላል መጠጣታቸውንም ሐኪሙ ሳይጠይቅህ ንገረው።