ለመንገድ ፎቶ ትንሽ ሌንስ፣ ለጎንደሩ ልጅ መልስ

አንድ የጎንደር ልጅ የላከልኝ ጥያቄ ነው። ሶኒ ኤ6400 አለው፣ ከካሜራው ጋር የመጣችው 16-50 ኪት ሌንስ አለችው፣ ፒያሳና ቅዳሜ ገበያ እየዞረ የመንገድ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋል። በጓደኛው ትልቅ ዙም ሲሞክር ሰዉ ወይ ፊቱን ያዞርበታል ወይ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል፣ የሶኒ የራሱ ሌንስ ደሞ ዋጋው አይቀመስም፣ ስለዚህ ከሌላ ካምፓኒ ትንሽና ቀላል የሆነች የቷን ልግዛ ነው ሚለው። በዛ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ሳነሳ ወይ ነጠላው ነጭ ብቻ ይሆናል ወይ ፊቱ ይጠቁራል፣ ይሄስ ከሌንሱ ነው ወይ ብሏል።

ወንድሜ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ያችኑ ኪት ሌንስ 25 ሚሊሜትር ላይ አድርገህ ዙሙን ሳትነካ ከተማውን ዙርባት፣ ሌላ ቀን ደሞ 35 ላይ አድርገህ ዙር። ካሜራህ ክሮፕ ስለሆነ፣ ማለት ብርሃን ሚቀበለው ሴንሰሩ ከትልቁ ከፉል ፍሬም ስለሚያንስ፣ ቁጥሩን በ1.5 ታባዛለህ፣ 25 በፉል ፍሬም ወደ 37 ይሆናል፣ 35 ደሞ 52 አካባቢ። ወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ነው ሚመስለው፣ መንገድ ላይ ግን ሰፊ ነው፣ ካሜራውን አግድም ይዘህ አንድ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ እንዲገባልህ በ25 ወደ 3 ሜትር መራቅ ይበቃሃል፣ በ35 ግን ወደ 4 ሜትር ትፈልጋለህ፣ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ደሞ በአንተና በሰውየው መሀል 4 ሜትር ባዶ ቦታ ማን ይሰጥሃል፣ አህያ ያልፋል፣ ተሸካሚ ያልፋል፣ ጃንጥላ ይጋረዳል። ግንቡ ዙሪያ ሰፋ ስለሚል 35 ያምርበታል። ለገበያና ለፒያሳ ግን እኔ 25 ነው ምልህ።

አንድ ነገር ደሞ ልብ በል፣ ኪት ሌንስህ 116 ግራም ናት፣ በመጠን ከሆነ ከሷ ምታንስ ብዙ አታገኝም። ችግሯ ሌላ ነው። ካሜራውን ስታበራ በሞተር ተገፍታ እስክትወጣ ትጠብቃለህ፣ እስከዛ ሰውየው አልፏል። ሁለተኛ አፐርቸሯ፣ ብርሃን ሚገባበት ቀዳዳ ማለት ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከኤፍ 3.5 ጀምሮ 50 ላይ 5.6 ትደርሳለች (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ፒያሳ ላይ ሲመሽ አይኤስኦ፣ ማለት ካሜራው ብርሃን ሚያጎላበት መጠን፣ ሰማይ ይወጣብሃል፣ ፎቶው ይሻክራል።

እንግዲህ ወደ ሌንሶቹ። ቪልትሮክስ 25 ኤፍ 1.7፣ ኤር ሚሏትን ነው ለአንተ ምመርጥልህ፣ ክብደቷ ከ200 ግራም በታች ነው፣ አውቶ ፎከስ አላት፣ ራሷ ታጠራለች፣ የሱቅ አምፑል ብቻ ባለበትም ታነሳለህ። ሲግማ 30 ኤፍ 1.4ን ብዙ ሰው ይመክርሃል፣ እውነትም ጥራቷ የታወቀ ነው፣ ግን 265 ግራም ናት፣ ርዝመቷም ከ7 ሴንቲሜትር በላይ ስለሆነ ካሜራው ላይ እያለች ኮት ኪስ ውስጥ መግባት ይከብዳታል፣ ትንሽ ብለህ ከጠየቅከኝ እሷ አደለችም፣ የሰርግ ስራም ካለህ ግን ሲግማዋን ግዛ። ቲቲአርቲሳን 27 ኤፍ 2.8 ወደ 100 ግራም ነው፣ በጣም ጠፍጣፋ ነች፣ ፎከሷ ከሁለቱ ይዘገያል። ቪልትሮክስ ደሞ 28 ኤፍ 4.5 ሚሏት 60 ግራም ብቻ የሆነች አለችው፣ ታስደንቃለች፣ ግን አፐርቸሯ 4.5 ላይ የተቆለፈ ነው፣ አይከፈትም አይጠብም፣ የቀን ብቻ ናት፣ እንደ መጀመሪያ ሌንስ አልመክርህም።

በጀቱ ካልበቃህ ማንዋል፣ ፎከሱን በእጅህ ምታዞረውን፣ አትናቅ፣ ሰቨን አርቲሳንስ 25 ኤፍ 1.8 አለ። ለመንገድ ማንዋል እንዲያውም ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ፎከሱን ቀድመህ ትጨርሰዋለህ፦ አፐርቸሩን 8 ላይ፣ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ርቀት 3 ሜትር ላይ አድርግ፣ ከዛ በግምት ከ2 ሜትር እስከ 10 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ አንተ ስራህ አንስቶ መጫን ብቻ ነው። የሻተሩን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታውርደው፣ አይኤስኦውን አውቶ አድርገው። እንዲህ ያለ ሌንስ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይገናኝ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ያለ ሌንስ ሻተር እንዲሰራ ሚፈቅደውን ማብራት አለብህ፣ አለበለዚያ ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ አይነሳልህም፣ ይሄን ሳያውቁ ሌንሱ ተበላሽቷል ብለው ሚያመጡት ብዙ ናቸው።

የነጠላው ነገር ከሌንሱ አደለም፣ የፈለከውን ብትገዛ አይለቅህም። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ነው ሚጎትተው፣ ነጠላው ፍሬሙን ሲሞላው በጣም በርቷል ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊቱም አብሮ ይጠቁራል፣ ከኋላ ጥቁር በር ወይ ጥላ ሲበዛ ደሞ ጨልሟል ብሎ ያበራዋል፣ ያኔ ነጠላው ይቃጠላል፣ ነጭ ብቻ ይሆናል ማለት ነው፣ የጥበቡ ጥለት ሳይቀር ይጠፋል። ራው (RAW) በሚባለው፣ ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል አንሳ። ዜብራውን፣ በጣም የበራውን ቦታ በመስመር ሚያሳይህን፣ አብራ፣ ነጠላው ላይ መስመሮቹ ከታዩህ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ኤክስፖዠሩን፣ የፎቶውን ብርሃን፣ ወደ ማይነስ አውርደው፣ ፊቱን በኋላ ኤዲት ስታደርግ ከጥላው ታወጣዋለህ፣ የተቃጠለ ነጭ ግን መቼም አይመለስም። ካሜራህ ሜተሪንግ፣ ብርሃን ሚለካበት ቦታ፣ ላይ ሃይላይት ሚል በጣም ለበራው ቅድሚያ ሚሰጥ ምርጫም አለው፣ በዓል ላይ ሁሉ ሰው ነጭ ሲለብስ ይጠቅምሃል። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ አይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ይሰራል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ውጣ፣ ቀን ላይ ከሆነ የግንቡ አጥር ጥላ የጣለበት ጋ ቁም፣ ፊቱና ነጠላው በብርሃን ይቀራረባሉ።

ሰዉ ፊቱን ሚያዞረውም በሌንሱ ብቻ አደለም። ትንሽ ሌንስ ይረዳል፣ ግን ሰርቀህ ስታነሳ ካዩህ ትንሹም ያስቆጣል፣ በተለይ እናቶችን ቀድመህ እንዴት አደሩ በላቸው፣ ቡና ካፈሉ ቁጭ በል፣ ከዛ በኋላ ካሜራውን ይረሱታል።

ለጥምቀት ካሰብካት ደሞ ተጠንቀቅ፣ ከላይ የጠራሁልህ ሌንሶች ውሃ መከላከያ የላቸውም፣ ጥር 11 ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ጸበሉ በጎማ ጭምር ነው ሚረጨው፣ ካሜራውን በላስቲክ ሸፍነህ ሌንሷን ብቻ አውጣ፣ ደረቅ ጨርቅ ኪስህ አይጥፋ።

ስትገዛ ሳጥኑ ላይ የሶኒ ኢ ማውንት ማለቱን እይ፣ ማውንት ሌንሱ ካሜራው ላይ ሚታሰርበት ቦታ ነው፣ ያው ሌንስ ለፉጂና ለኒኮንም በሌላ ማውንት ተሰርቶ ይሸጣል፣ መልኩ ይመሳሰላል። ካሜራው ላይ እሰራትና መነቃነቅ አለመነቃነቋን በእጅህ ሞክር። ከዛ ፊት ለፊትህ ያለ የድንጋይ ግንብ ላይ ቀጥ ብለህ ቁም፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍተህ አንሳና አራቱንም ጥግ አጉልተህ አወዳድር፣ የግራው ድንጋይ ጥርት ብሎ የቀኙ ከደበዘዘ ውስጧ ያለው መስታወት የተዛነፈ ነው፣ በሴቲንግ አይስተካከልም፣ ሌላ ፍሬ ይቀየርልህ። ያገለገለች ከሆነች በስልክህ ባትሪ ከኋላ አብርተህ ውስጧን እይ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። ሻጩ አስረህ እንዳትሞክራት ከከለከለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዋት፣ እነዚህን ከእጅ ገዝቶ ወደ ፋብሪካ መመለስ በጣም ከባድ ነው።