ጆርጂያ ላይ ትንሽ ፓርቲ ወይም የግል ዕጩ ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) ላይ የሚገባው እንዴት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ለስቴት አቀፍ ቦታዎች ሊበርታሪያን የሚባለውን ትንሽ ፓርቲ ስም አይተሻል፤ ለኮንግረስ ወረዳሽ ግን ሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች ብቻ ነበሩ። ለምን? ለትንሽ ፓርቲ የሰጠሁት ድምፅስ ይባክናል ወይ? ከእኛ ሰው አንዱ በግሉ መወዳደር ቢፈልግስ? ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ አትላንታ አካባቢ በምርጫ ቀን ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። ለአንድ የግል ዕጩም ፊርማ አሰባስቤ ነበር። የማውቀውን ልንገርሽ።

ጆርጂያ ውስጥ መግቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ትንሽ ፓርቲ በስቴት አቀፍ ውድድር ከተመዘገበው መራጭ 1 በመቶ የሚያህል ድምፅ ካገኘ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ለስቴት አቀፍ ቦታዎች ያለ ፊርማ ይገባል። ሊበርታሪያኖችን የምታያቸው በዚህ በኩል ነው። ለኮንግረስ ወረዳ ግን ይህ አይሠራም። ዕጩው በወረዳው ከተመዘገበው መራጭ የ5 በመቶውን የድጋፍ ፊርማ ማምጣት አለበት። ከ20 ሺህ በላይ ፊርማ ማለት ነው። ሕጉ የወጣው በ1943 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን አሟልቶ ለተወካዮች ምክር ቤት ባሎት ላይ የወጣ አንድም የትንሽ ፓርቲ ዕጩ የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ሕጉን አጸናው። ሊበርታሪያኖች እንደገና ከሰው፣ አንዲት የፌዴራል ዳኛ በ2021 ወደ 1 በመቶ አውርደውላቸው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 ሻረው።

ብዙ ሰው «ሕዝብ ስላልፈለጋቸው ነው» ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ሕዝቡ መፈለጉም ሆነ አለመፈለጉ የሚታወቀው ስማቸው ወረቀቱ ላይ ሲኖር ነው።

አሁን ስለ ፊርማው። ሰው ፈርሞልሽ ፊርማው ሲወድቅ ማየት በጣም ያማል። አንድ ወረቀት ላይ የአንድ ካውንቲ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው የሚፈርሙት። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብትቆሚ ግማሹ ከዲካልብ፣ ግማሹ ከግዊኔት ይመጣል። ስለዚህ ለየካውንቲው የተለየ ወረቀት ያዢ፤ ከማስፈረምሽ በፊትም የት ነው የምትኖሩት ብለሽ ጠይቂ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አሰባሳቢው ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ምሎ ይፈርማል። ኖተሪው ራሱ ፊርማ ሲያሰባስብ ከነበረ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ያረጋገጣቸው ወረቀቶች ሊሰረዙ ይችላሉ።

የእኛ ሰው ፊርማ በብዛት የሚወድቀው ግን በስም ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ላስት ኔም ተብሎ የገባው የአያቱ ስም ነው። ምዝገባውም በዚያው ነው። ሲፈርም ግን እንደለመደው ስሙንና የአባቱን ስም ይጽፋል። የካውንቲው ሠራተኛ መዝገቡ ላይ ሲፈልገው አያገኘውም። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለም ብዙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው «መንጃ ፈቃድህ ላይ እንዳለው ጻፍልኝ» በይው። ከሚፈለገው ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ያህል ትርፍ አሰባስቢ። አንድ ነገር አደራ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው አይፈርም፤ ለመራጭነትም እንዳይመዘገብ። ዜጋ ሳይሆን መመዝገብ በኢሚግሬሽን ጉዳዩ ላይ ከባድ ችግር ያመጣበታል።

ስም ባሎት ላይ ወጣ ማለትም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በ2024 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የኮርኔል ዌስትና የክላውዲያ ዴ ላ ክሩዝ ስም ጆርጂያ ባሎት ላይ ነበር። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ድምፃቸው አይቆጠርም አለ። ምክንያቱ፣ በስቴቱ ስም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 16ቱ የኤሌክቶራል ኮሌጅ ተወካዮች እያንዳንዳቸው በየስማቸው ፊርማ ማቅረብ ነበረባቸው የሚል ነው። ባሎቱን ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረ ስማቸው እዚያው ቀረ። እኛ ጣቢያዎቹ ላይ ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፍን። አንድ አዛውንት ማስታወቂያውን ቆመው አነበቡና «ካልተቆጠረ ለምን ጻፋችሁት?» አሉኝ። ከማስታወቂያው በላይ ማብራራት ስለማይፈቀድልኝ ዝም አልኩ። ያ ጥያቄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ማስታወቂያውን ሳያይ የገባ መራጭ ድምፁን ለማይቆጠር ስም ይሰጣል።

«ስም ሲበዛ መራጭ ይደናገራል» የሚሉም አሉ። ፍሎሪዳን በ2000 ያነሳሉ። እዚያ በ1998 መግቢያው ስለቀለለ ለፕሬዚዳንትነት 10 ዕጩዎች ቀረቡ። ፓልም ቢች ካውንቲ ላይ ለአረጋውያን ፊደሉ እንዲጎላ ተብሎ ስሞቹ ግራና ቀኝ ገጽ ላይ ተከፈሉ፤ የሚበሱት ቀዳዳዎች ደግሞ መሐል ላይ በአንድ ረድፍ ሆኑ። የዴሞክራቱ የአል ጎር ስም በግራ በኩል ሁለተኛ ነው፤ ቀዳዳው ግን ሦስተኛው ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ የትንሽ ፓርቲው ዕጩ የፓት ቡካናን ነበር። ቡካናን በካውንቲው 3,407 ድምፅ አገኘ። ከ19 ሺህ በላይ ባሎት ደግሞ ከአንድ በላይ ስም ስለተበሳበት ወደቀ። ሪፐብሊካኑ ቡሽ ጎርን ፍሎሪዳ ላይ ያሸነፈው በ537 ድምፅ ነው። እንግዲህ ፍረጂ፤ ጥፋቱ የስሙ ብዛት ነው ወይስ የገጹ አሠራር? አሥሩም ስም በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ከቀዳዳው ትይዩ ቢሰለፍ ኖሮ ማንም ባልተደናገረ።

ድምፅሽ አይባክንም። በ2022 የሴኔት ምርጫ የሊበርታሪያኑ ቼዝ ኦሊቨር 2 በመቶ ገደማ፣ ከ81 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። ዴሞክራቱ ዋርኖክም ሪፐብሊካኑ ዎከርም ከግማሽ በላይ ስላላገኙ ዲሴምበር 6 ቀን ወደ መለያ ምርጫ ሄዱ። ደግሞም ፓርቲውን ለሚቀጥለው ምርጫ ባሎት ላይ የሚያቆየው ያ 1 በመቶ የሚሞላው እንዲህ ባለ ድምፅ ነው።

እናትሽን ይዘሽ ስለመሄድ ላነሳሽው ደግሞ፦ አማርኛ የፌዴራል ሕጉ ባሎት እንዲተረጎምባቸው ከሚያስገድዳቸው ቋንቋዎች ውስጥ የለም። ግን ማንበብ የሚያስቸግራት መራጭ የፈለገችውን ሰው ይዛ መግባት ትችላለች። የማይፈቀደው አሠሪዋ፣ የአሠሪዋ ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ወኪል ብቻ ነው። ስትገቡ ለጣቢያው ሠራተኛ ንገሪው፤ የምትፈርሙት ፎርም አለ።

መወዳደር የሚፈልገው ልጅ እኔን ቢሰማኝ ከከተማ ምክር ቤት ይጀምር። የአብዛኞቹ ከተሞች ምርጫ ፓርቲ የለበትም፤ የመመዝገቢያ ክፍያውን ከፍሎ መስፈርቱን ካሟላ ስሙ ይወጣል፣ ፊርማ አይጠየቅም። ኮንግረስ ካለ ግን ፊርማ መሰብሰቢያው 180 ቀን ብቻ ነው፤ ማስረከቢያው በጁላይ ሁለተኛው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ከፊርማው ሌላ 5,220 ዶላር ይከፍላል። በየትኛው ካውንቲ እንደሚኖር ጻፊልኝና የት ቢሮ መሄድ እንዳለበት እነግርሻለሁ።