አማተር ሬዲዮ ስፖርት ነው ወይስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ? ለጅማው መምህር የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ ጅማ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የአማተር ሬዲዮ ክበብ ለማቋቋም ስትነሳ፣ "ይሄ ስፖርት ነው ወይስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ? ከየትኛው በጀት ይያዝ?" ብለው ጠየቁህ። አንተም ወደ እኛ አመጣኸው። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች ብዙዎቹ "ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት ምኑ ስፖርት ነው?" ብለዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ባለው የክበብ ጣቢያ ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ጅማ ነው የምኖረው። የማውቀውን ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። እኛ ሀገር አማተር ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የኪነት ክበብ ወይም አማተር ቦክሰኛ ነው። ሳይከፈለው፣ ወዶ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። የሬዲዮውም ከዚህ አይርቅም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ ሲገልጸው፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ቴክኒኩን ለመመርመር ያለ ገንዘብ ጥቅም የሚሠሩት ነው ይላል። ስፖርት የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ መሠረቱ ምንድን ነው ብትባል ትምህርት ነው፣ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ግን እዚያው ቤት ውስጥ ስፖርት አለ። ይህን የምለው ላቡን ስላየሁት ነው።

ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባል ውድድር አለ፤ በሬዲዮ ከብዙ የዓለም አማተር ጣቢያዎች ጋር ተገናኝቶ ነጥብ መሰብሰብ ነው። የድምፁ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል፤ የሞርሱ፣ ማለትም ፊደል በነጥብና በሰረዝ ድምፅ የሚላክበት፣ ደግሞ በኖቬምበር። ርዝመቱ 48 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምርና ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያልቃል። ከሌላ አህጉር ጣቢያ ጋር ስትገናኝ 3 ነጥብ ታገኛለህ። የነጥብህ ድምር ደግሞ ባገኘሃቸው ሀገራትና ዞኖች ብዛት ይባዛል። ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች፤ እኛ 37ኛው ውስጥ ነን።

መጀመሪያ ማይክ የሰጡኝ ጊዜ እጄ ላብ በላብ ነበር። "ሲኪው ኮንቴስት፣ ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ" አልኩና ቁልፉን ለቀቅኩት። ለውድድሩ የሚሰማኝ ይመልስልኝ፣ የጥሪ ምልክታችን (የጣቢያችን መለያ) ET3AA ነው ማለት ነው። የመጣውን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ጅማ መናኸሪያ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ረዳቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጣሩ አስብ። ጣሊያኑ፣ ጃፓኑ፣ ሩሲያው ሁሉም የጥሪ ምልክቱን ይጮኻል። ኢትዮጵያ አየር ላይ እንደ ልብ ስለማትገኝ ሁሉም ይፈልጋታል። አንተ ከዚያ ጫጫታ ውስጥ ሁለት ፊደል ትይዛለህ። የያዝከውን መልሰህ ትጠራለህ፤ ባለቤቱ ሙሉውን ይነግርሃል። "ፋይቭ ናይን ሰርቲ ሰቨን" ትለዋለህ፤ 59 በደንብ ትሰማለህ ማለት ነው፣ 37 ዞናችን ነው። እሱም የራሱን ዞን ይሰጥሃል። ትጽፋለህ፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ። ሁሉም ነገር አስር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ይህን ለሦስት ሰዓት ያለ እረፍት ሞክረው።

እኔ በሦስተኛው ሰዓት ላይ ጆሮዬ ከዳኝ። ቢን ከዲ መለየት አቃተኝ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ተነስ፣ እኔ ልግባ" አለኝ። ከፋኝ። በኋላ መዝገቡን ስናይ ልክ ነበር፤ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ጽሑፌ በስህተት የተሞላ ነው። የተሳሳተ ጥሪ ነጥቡ ይሰረዛል፣ ቅጣትም ይከተለዋል። እግሩ የዛለ አማካይ በ70ኛው ደቂቃ እንደሚቀየረው እኔም ተቀየርኩ። ድካም ውጤት የሚያበላሽበት፣ ልምምድ የሚያሻሽልበት፣ ሕግና ዳኛ ያለበት ነገር ነው። እኔ ይህን ስፖርት ነው የምለው።

"የምትገኝበት ቦታ እየጠቀመህ ምን ዓይነት ውድድር ነው?" የሚል ሰው አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛን የሚፈልጉን ጎበዝ ስለሆንን ብቻ አልነበረም፤ ብርቅ ስለሆንንም ነው። ለዚህ ደግሞ የዓለም የሬዲዮ ስፖርት ቡድኖች ሻምፒዮና አለ። በ1990 በአሜሪካ ሲያትል ተጀመረ። ሁለት ሁለት ኦፕሬተር ያላቸው ቡድኖች አንድ አካባቢ ይሰባሰባሉ፤ በቅርብ ዓመታት አንቴናቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ሆኗል። ዳኛ አጠገባቸው ተቀምጦ 24 ሰዓት ይፋለማሉ። እዚያ የሚለያየው ሰውዬው ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ለተማሪዎችህ ከሁሉ የሚሻለው ቀበሮ አደን የሚባለው ነው። እዚህ ላይ "ተቀምጦ ማውራት" የሚለው ክርክር ራሱ ይወድቃል፤ የሚቀመጥ የለማ። ጫካ ውስጥ አምስት ትንንሽ ማሰራጫዎች ይደበቃሉ። ተራ በተራ አንድ አንድ ደቂቃ በሞርስ ይጣራሉ። የመጀመሪያው ከመለያው መጨረሻ አንድ ነጥብ ያሰማል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት። ስለዚህ ሞርስ የማያውቅ ልጅ እንኳ ነጥቡን ቆጥሮ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ተወዳዳሪው ካርታ፣ ኮምፓስና አቅጣጫ የሚለይ መቀበያ ይዞ ይሮጣል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1980 ፖላንድ ውስጥ ተካሄደ።

ሩጫው ግን ብቻውን አይበቃም። የምትፈልገው ማሰራጫ ዝም ባለባቸው አራት ደቂቃዎች ወዴት ትሮጣለህ? ቆመህ ብትጠብቅ ጊዜ ይበላሃል። በግምት ብትሮጥ ተቃራኒ ልትሄድ ትችላለህ። ልጆቹ የሚያብዱለት እዚህ ጋ ነው። ጅሬን ዳገት ላይ በባሕር ዛፉ መሐል ይህን የሚጫወቱ ተማሪዎች ሳስብ ደስ ይለኛል። እግር አላቸው፣ የጎደለው መሣሪያው ነው።

ባለፈው ክረምት ለሰፈር ልጆች ትንሽ ሞክሬላቸው ነበር። ማሰራጫ አልነካሁም፤ ለዚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የድሮዋን የባትሪ ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አደረግኳት። ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ሰክቼ ከመጋረጃ ኋላ ደበቅኩ። እንዲህ ያለው ቻርጀር በቅርብ ርቀት ሬዲዮ ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣል። ልጆቹ ሬዲዮዋን እያዞሩ ድምፁ የሚጎላበትንና የሚደክምበትን ፈለጉ። በውስጧ ያለችው የብረት ዘንግ አንቴና እንደ አዟዟሯ ትሰማለች፣ ትደነቁራለች። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከሁሉም ቀድማ አገኘችው። ሌሎቹ ድምፁ ሲጎላ ይሮጣሉ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ድምፁ የሚጠፋበትን ጠበቀች። የሚጠፋበት አቅጣጫ ከሚጎላበት ይልቅ ጠባብ ነው፤ ማንም አልነገራትም። "እንደገና ደብቅልን" እያሉ እስኪመሽ አቆዩኝ።

በሌላ በኩል የእኔን ምሽቶች ስፖርት በላቸው ብትለኝ እምቢ ነው የምለው። ጓሮ ሁለት እንጨት ተክዬ አሥር ሜትር ያህል ሽቦ ዘርግቻለሁ። ማታ ቡና ከጠጣን በኋላ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ በ7 ሜጋኸርዝ አዳምጣለሁ። ቀን ላይ 28 ሜጋኸርዝ ይከፈታል፣ የሩቅ ጣቢያ ይሰማበታል፤ ፀሐይዋ በ11 ዓመት ዑደቷ ስትበረታ ደግሞ በደንብ ይሰማል። የጅማ ዝናብ መብረቅ ይዞ ሲመጣ ሽቦውን ነቅዬ እተኛለሁ። ማንንም ማሸነፍ አልፈልግም። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ሀገር ስለ ጓሮው ቲማቲም ሲያወራ መስማት ይበቃኛል። ይሄ ንጹሕ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ የምወደውም እሱን ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው። ክበቡ የሳይንስ ክበብ ነው፤ ቀበሮ አደኑ ግን ከስፖርት ክፍሉ ጋር በጋራ የሚሠራ ነው። ቀድሞም ያለ ነገር ነው። በሶቪየት ኅብረት ሬዲዮ ስፖርት እንደ ሌላው ስፖርት ማዕረግ ይሰጥበት ነበር። ይህንን ጥቀስላቸው። ማሰራጫ ለመግዛት ግን አትቸኩል። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፈቃዱ ጠይቅ። አምስት ኪሎ ያለውንም ክበብ አናግር። ያለ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ ብታሰራጭ ክበቡን ገና ሳይጀመር ትገድለዋለህ።

እስከዚያው በማዳመጥና በቻርጀሩ ጨዋታ ጀምሩ። ሁለት የባትሪ ሬዲዮ አሉኝ፣ አበድርሃለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ልጆቹ ድንጋይ ባትሪ ይዘው ይምጡ፣ የእኔ አልቋል።