የእንጀራ እርሾ ማርስ ይደርሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከቡራዩ የጻፈልን ወንድማችን «ጠፈር ላይ ጠላ ይጠጣል ወይ?» ይላል። አይመከርም፤ ክብደት በሌለበት ጋዙ ሆድ ውስጥ ከፈሳሹ ስለማይለይ ግሳቱ ጠላውን ይዞ ይወጣል።

የሱሉልታዋ ተማሪ ግን ዋናውን ነገር ነክታለች። «እናቴ ከየሊጡ እርሾ እያስቀረች ዓመታት ጋግራለች። ናሳ ወደ ጠፈር የሚልከውን እርሾ ለምን በደረቁ፣ በየከረጢቱ ይልካል?»

የእናትሽ እርሾ የብዙ ተህዋስያን ማኅበር ነው፤ ቢበላሽም ጎረቤት አለ። በ2019 ወደ ጠፈር ጣቢያ የሄደው ግን ለዓይን የሚጠቅመውን ዚያዛንቲን የሚባል ብጫ ቀለም እንዲሠራ ጂኑ የተቀየረ አንድ ዝርያ ነው። ለእርሾው ይህ ትርፍ የሌለው ሸክም ነው። ሲራባ ጂኑ የተበላሸበት ህዋስ ሸክሙን ስለጣለ በፍጥነት ይራባል፣ ሌሎቹን በቁጥር ይውጣል። አንድ አሥረኛ እያስቀረሽ ብትቀጥዪ በየዙሩ 3.3 ትውልድ ያልፋል፤ በ30 ዙር መቶ ገደማ። ሳህን ላይ ስትዘሪው ከብጫዎቹ መሃል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ካየሽ ነገሩ ተጀምሯል። ሽታው ግን ያው የእርሾ ሽታ ነው፤ አፍንጫሽን አትመኚ።

ስለዚህ ሁሉም ከረጢት ከአንድ ከተመረመረ ክምችት ይነሳል፦ ንጹሕ ውሃ ይገባበታል፣ ይታሻል፣ ሙቀት ውስጥ 48 ሰዓት ይቆያል። ፈተናው ደረቁ እርሾ 5 ዓመት ተቀምጦ ይነቃል ወይ የሚለው ነበር፤ የማርስ ደርሶ መልስ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃልና። ሌላው ችግር ጋዝ ነው። ምጣድ ላይ ዓይን የሚያወጣው አረፋ እዚያ ወደ ላይ አይወጣም፤ ጋዝ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያስፈልጋል።

የሰበታው መምህር፣ እርሾ የሚያሳድጉበት ምግብ ለምን እንደሚሻግት ሲጠይቁን ሦስተኛ ደብዳቤዎ ነው፤ በክሎሪን ማሳበቡን ይተዉት። በፕሬዠር ኩከር 15 ደቂቃ የቀቀሉት የእርሾ ምግብ የሚሻግተው በከተማዎ ከፍታ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ነው። በ1 ባር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ 121 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት እናንተ ጋ 116 አካባቢ ይቆማል። ማፏጫዋን ሳያስቀምጡ እንፋሎቱን 10 ደቂቃ ይልቀቁት፣ አየሩ ይውጣ፤ ከዚያ 45 ደቂቃ ያቆዩት። ማፏጫዋ ላይ ክብደት እንዳይጨምሩ፣ ይፈነዳል። ጎማው ከላላ ጠጋኝ ይየው።

የለገጣፎዋ እናት ከቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ የተቀዳ ውሃ ለልጃቸው ሊሰጡ ነው፤ «ሐይቁ ውስጥ ያለው ስፒሩሊና የሚባለው አረንጓዴ ረቂቅ ተህዋስ ለጠፈርተኛ ምግብነት ከታሰበ» ብለው። አይስጡ! ለጠፈር የታሰበው በተዘጋ ዕቃ የሚያድግ፣ ማንነቱ የታወቀ ዝርያ ነው። ሐይቅ ውስጥ ግን ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ ዘመዶቹ ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። ቀድመው ሰጥተውት ከሆነ ባያስመልሰውም ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፤ የቀረውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።