ሳጥኑን ትተህ ሚዛኑን እይ

ወንድሜ፣ «ጅማ ቡና መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ፤ ሠራተኛው ስብሰባ ላይ አፉን አይከፍትም፣ ሥራውም ቀዝቅዟል፤ ስልጠና ልስጥ ወይስ ቦነስ?» ብለህ ጠይቀሃል። ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። እኔ እዚያው ጅማ የከሰርኩበትን ልንገርህ።

1. ሚዛኑን ራስህ ፈትሽ። እኛ ጋ ቡና ለቃሚዎቹ፣ መጋዘን ውስጥ ብልሹውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩት ሴቶች፣ የሚከፈላቸው በኪሎ ነበር። መዛኙ «ለጆንያው» እያለ በየጆንያው 2 ኪሎ ይቀንስባቸዋል። አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ሴትዮ ባዶ ጆንያ አጣጥፋ ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገችና «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አለችኝ። አነበብኩ። 700 ግራም። ምን ብላት ጥሩ ነው? «እማማ፣ ሥራ አታስፈቺን።» መዛኙ የባለቤቱ ዘመድ ነበራ! በሳምንቱ ሴትዮዋ ተሰናበተች። እኔም ዝም።

2. የሐሳብ መስጫ ሳጥን ብር አታውጣበት። እኔ አሠርቼ በሁለት ወር ያገኘሁበት የማስቲካ ወረቀት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጣራው አፈሰሰ። ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አልነግርም። ጥግ ላይ የተደረደረው ከሥር ሻግቶ ተገኘ። ለቃሚዎቹ ከሸተታቸው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። «ምነው ሳትነግሩኝ?» ስል አንዷ እጇን ከቡናው ሳታነሳ «የተናገረችውስ የት ደረሰች?» አለችኝ።

ኪሳራው ከእኔ ደሞዝ ባይቆረጥም እንቅልፌን ቆርጦታል።

3. ትርፍ ሰዓት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ክፈል፤ ቀን 1.5፣ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። እኔ ይህን ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አሠሪ ነህ ሠራተኛ?» ብሎ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በመጨረሻ አዋጁን ፎቶ ኮፒ ቤት ገዛሁት። ይሻላል።

ሌላ መጋዘን ስገባ መጀመሪያ የሚዛኑን ፊት ወደ ሴቶቹ አዞርኩት። ጠዋት ጠዋት ባዶ ጆንያ እነሱው ይመዝናሉ። ወር ሳይሞላ አንዷ ጣራው ላይ የተነቀለ ምስማር አሳየችኝ። ዝናብ ሳይመጣ! ጉራ አይሁንብኝ እንጂ ያን ክረምት አንድ ጆንያ አልሻገተብንም።

ሴትዮዋን በኋላ ሂርማታ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ስንተባተብ «ስንት ኪሎ ላድርግልህ?» አለችኝ።

ለማንኛውም የእናንተ መዛኝ የማን ዘመድ እንደሆነ አጣራና ጻፍልኝ።