ጥያቄና መልስ፦ አንድ አይኤስኦ ለ12 ሰርቨር

ጥያቄ፦ 12 ሰርቨሮች ላይ ፕሮክስሞክስ 8.4 (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር ሲስተም) ልንጭን ነው። ፍላሽ ይዘን ከአንዱ ወደ ሌላው ላለመዞር የመልስ ፋይሉን (ጫኚው ለሚጠይቀው አስቀድሞ መልስ የሚሰጠውን) አይኤስኦው (የመጫኛው ዲስክ ምስል) ውስጥ ከተን በሁለቱ ሞከርነው። ሁለቱም በአንድ ስም ተነሡ፤ በአንደኛው ላይ ደግሞ የዳታ ዲስካችን ጠፋ። የት ጋ ተሳሳትን?

መልስ፦ ስሙ የተደገመው የመልስ ፋይሉ አይኤስኦው ውስጥ ስለተቀበረ ነው። 12 አይኤስኦ መሥራትም አያዋጣም። አይኤስኦውን የምታዘጋጁበት ፕሮክስሞክስ-ኦቶ-ኢንስቶል-አሲስታንት የተባለው መሣሪያ፣ ጫኚው መልሱን ከኤችቲቲፒ (ከዌብ ሰርቨር) እንዲያመጣ ማዘዝ ይቻላል። ያኔ ጫኚው የማሽኑን መለያ ቁጥርና የኔትወርክ ካርዶቹን ማክ አድራሻ በጄሰን ወደ ሰጣችሁት አድራሻ ይልካል፤ እዚያ ያለች አጭር ስክሪፕት መለያ ቁጥሩን አይታ የዚያን ማሽን ስምና አይፒ የያዘ ቶምል (የመልስ ፋይሉ የሚጻፍበት ቅርጽ) ትመልስለታለች። የሩት የይለፍ ቃሉን በግልጽ አትጻፉት፣ ሃሽ የተደረገውን (ተመልሶ ወደማይነበብ ኮድ የተቀየረውን) አስገቡ።

የዲስኩ ነገር ይከፋል። መልሱ ላይ ዲስኩን ሊኑክስ በሚሰጠው ስም ኤስዲኤ ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ነው)፣ ያ ስም የዲስኩ መታወቂያ አይደለም። ከርነሉ ዲስኮቹን ባገኘበት ተራ ያድላቸዋል፤ አንድ ፍላሽ ከተሰካ ተራው ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ የዲስክ ዝርዝሩን አውጡና በምትኩ በሞዴል ወይም በመለያ ቁጥር የሚለይ ማጣሪያ አስገቡ። የዲስኮቹን መረጃ የአሲስታንቱ ዲቫይስ-ኢንፎ ትእዛዝ ያሳያችኋል፤ ማጣሪያው የትኞቹን እንደሚይዝ ደግሞ በዲቫይስ-ማች ሰርቨሩ ላይ ሞክሩት። ዜድኤፍኤስ ሬይድ 1 (አንዱን ዳታ በየዲስኩ የሚደግም አሠራር) ከመረጣችሁ ማጣሪያው የያዘው ዲስክ ሁሉ ይገባበታል፤ ሁለት ብቻ ሲያወጣ ነው የሚታመነው። የአሲስታንቱ ቫሊዴት-አንሰር ትእዛዝ የአጻጻፍ ስህተት ይይዛል እንጂ የተሳሳተ ዲስክ መምረጣችሁን አይነግራችሁም።

ሌላም ወጥመድ አለ። አይኤስኦውን በቢኤምሲው (ሰርቨሩን ከርቀት የሚቆጣጠረው ቺፕ) ቨርቹዋል ሲዲ ካስነሣችሁ ሲዲውን በቡት ተራው አንደኛ አድርጋችሁ አትተዉት። አውቶማቲክ ጭነቱ 10 ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ስለሚጀምር፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ዲስኩን ደምስሶ እንደ አዲስ ይጭናል። በሬድፊሽ (ቢኤምሲውን በኔትወርክ በሚያዙበት መንገድ) የቡት ትእዛዙን «ለአንድ ጊዜ» አድርጋችሁ ስጡት።

አይፒውን ከዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) ውሰድ ብላችሁት ከሆነም፣ ጫኚው ያገኘውን አድራሻ ቋሚ አድርጎ ይጽፈዋል። በዲኤችሲፒው ላይ ካላስያዛችሁለት ነገ ያው አድራሻ ለሌላ ማሽን ይታደልና ሁለቱ ይጋጫሉ።

ጥያቄ፦ ጭነቱ ካለቀ በኋላ አፕት አፕዴት (የፓኬጅ ዝርዝሩን የሚያድስ ትእዛዝ) ስንል 401 (ፈቃድ የላችሁም የሚል ስህተት) ይመጣል። በየማሽኑ እየገባን ማስተካከል አለብን?

መልስ፦ የለባችሁም። ጫኚው የሚከፈልበትን የኢንተርፕራይዝ ማከማቻ (ፓኬጆች የሚወርዱበትን ምንጭ) ስለሚያስገባ፣ ደንበኝነት ካልገዛችሁ 401 ይላል። ከ8.3 ጀምሮ በመጀመሪያው ቡት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስክሪፕት በመልስ ፋይሉ ማዘዝ ይቻላል። በዚያ ስክሪፕት የኢንተርፕራይዙን መስመር ዝጉና ደንበኝነት የማይጠይቀውን አስገቡ። የሴፍ (ዳታ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) ማከማቻ በሌላ ፋይል ነው የተቀመጠው፤ እሱ ካልተዘጋ 401 ተመልሶ ይመጣል። ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ላይ ከጻፋችሁት የመስመር መጨረሻውን ወደ ዩኒክስ ለውጡት፤ ያለዚያ የመጀመሪያው መስመር የሚጠራው ፕሮግራም አይገኝም ተብሎ ስክሪፕቱ ከነጭራሹ አይነሣም።