የጋራዦች ማኅበር «ኢንስፔክሽን እንዳይቀር ፈርሙልን» ሲል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የምተዳደረው በኡበር ነው። በቅርቡ መኪናዬን ለኢንስፔክሽን የወሰድኩበት ጋራዥ መቀበያው ላይ የጋራዦች ማኅበር ያዘጋጀው ወረቀት ተቀምጦ አየሁ። «ዓመታዊው ምርመራ ከቀረ መንገዶቻችን የሞት መንገድ ይሆናሉ፤ ለምክር ቤት አባልዎ ይደውሉ፣ እዚህም ይፈርሙ» ይላል። ዳላስ ያለው ወንድሜ ደግሞ «እኛ ጋ ቀርቷል፤ ምን ሆንን?» እያለ ይስቅብኛል። ሰዎቹ የሚጨነቁት ለእኔ ነው ወይስ ለኪሳቸው? ልፈርም ወይስ ልተወው?

መልስ

ወንድሜ፣ አስቀድሜ የቆምኩበትን ልንገርህ። የቨርጂኒያ ግዛት ፖሊስ ፈቃድ የሰጠኝ መርማሪ ነኝ፤ እንጀራዬም ጋራዥ ውስጥ ነው። ምርመራው ቢቀር ገቢዬ ይነካል። የማኅበሩ አባል ግን አይደለሁም። የምልህን ይህን ይዘህ መዝነው።

ለኪሳቸው ነው ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ለኪሳቸውም ነው። የንግድ ማኅበር የሚቋቋመው ለአባላቱ ጥቅም ነው፤ የግዛቱ ምክር ቤት ወዳለበት ወደ ሪችመንድ ሰው ልኮ የምክር ቤት አባላትን ማነጋገሩም ሕጋዊ መብቱ ነው። ጥቅም ስላለው ብቻ የሚናገረው ሁሉ ውሸት አይሆንም። መታየት ያለበት ገንዘቡ ከየት በኩል እንደሚመጣና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር ማስረጃ ያለው መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ጋራዡ የሚያተርፈው ከምርመራው ክፍያ ይመስለዋል። በ2019 መጨረሻ ገዥው ራልፍ ኖርዘም ዓመታዊው ምርመራ ይቅር የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ የአንድ የቤት መኪና ክፍያ 20 ዶላር ነበር። ለዚያ 20 ዶላር መርማሪው መኪናህን መንዳት አለበት፤ ሊፍት ላይ ይሰቅለዋል፤ ቢያንስ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ይፈታል፤ የፍሬን ሸራውን ይለካል፤ መሪውን፣ ቴስቲናውን (መሪውንና ጎማውን የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ)፣ መብራትና ፍሬቻውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የጭስ ማውጫውን ያያል። በወጉ ከተሠራ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ጥሩ መካኒክ ግማሽ ሰዓት ቆሞ 20 ዶላር ቢያስገባ ጋራዡ የቤት ኪራዩንም አይሸፍንም። ትርፉ የሚመጣው «ሸራህ አልቋል፣ ይቀየር» ከተባልክ በኋላ ነው። ጉድለት ፈላጊውም ጠጋኙም አንድ ቤት ነው። ሰው በኢንስፔክሽን ላይ እምነት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንተ ያየኸው ወረቀት ግን ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ዴላዌር ውስጥ መኪናህን የሚያየው ራሱ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሸራም ጎማም አይሸጥልህም። ጣለህም አሳለፈህ የሚያገኘው ነገር የለም።

ወደ «የሞት መንገድ» እንምጣ። ማኅበሩ እዚህ ላይ ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ ሄዷል። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ጂኤኦ በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ያኔ ምርመራ የነበራቸው 16 ግዛቶች ነበሩ። የመኪና ብልሽት ድርሻ ያለበት አደጋ ከ2 እስከ 7 በመቶ እንደሚሆን ጠቅሶ፣ ምርመራው አደጋን ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን ከነበሩት ጥናቶች ቁርጥ ያለ ነገር ማውጣት አልቻለም። ኒው ጀርሲ በ2010 የግል መኪናዎችን ሜካኒካል ምርመራ አቆመች፤ በ2018 የታተመ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ከዚያ በኋላ አደጋ ጨመረ የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ዩታም ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ ትታዋለች። ርቀህ መሄድም የለብህም። አንተ በአንድ ቀን ሥራ ሦስት ዓይነት ሕግ ታቋርጣለህ፦ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ትመረምራለች፤ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ሲሸጥና ስም ሲዛወር ብቻ፤ ዲሲ ደግሞ ከ2009 ወዲህ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራውን ትታ የጭስ ምርመራውን ብቻ ይዛለች። ድልድዩ ላይ ከጎንህ የሚሄደው መኪና ከተገዛ ጀምሮ ማንም ከሥሩ አይቶት ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ ወንድምህ ልክ ነው? እሱም አይደለም።

የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2005 እስከ 2007 የደረሱ 5,470 አደጋዎችን መርምሮ፣ ወሳኙ ምክንያት 94 በመቶው በአሽከርካሪው፣ 2 በመቶው ብቻ በመኪናው በኩል መሆኑን አውጥቷል። ምርመራው ይቅር የሚሉ ሰዎች ሁሉ ይህችን 2 በመቶ ይዘው ነው የሚመጡት። ሪፖርቱ ራሱ ግን ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ «ወሳኝ ምክንያት» ያለው ከአደጋው በፊት በነበረው ሰንሰለት የመጨረሻዋን ነገር ነው፤ የአደጋው መንስኤ ይህ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የመኪናው ችግር በአብዛኛው የታወቀው ከውጭ በዓይን በማየት ነው። ዘግይቶ ፍሬን የያዘ ሰው ሸራው ሳስቶ ቢሆን፣ ጎማው ሳይፈታ ማን ያውቃል? አሽከርካሪው ላይ ይጻፋል። ከዚያች 2 በመቶ ውስጥ ደግሞ 35 በመቶው ጎማ፣ 22 በመቶው ፍሬን ነው። እኛ መርማሪዎች በእጃችን የምንይዛቸው ሁለቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። እንዳንተ ሰው የሚያመላልስ ልጅ መኪናውን አመጣ። የፊት ጎማው በውጭ በኩል ገና ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ልጁም በየሳምንቱ እንደሚያየው ነገረኝ፣ አምነዋለሁ። ሊፍቱ ላይ ሰቅዬ መሪውን ወደ ጎን ስጠመዝዘው የውስጠኛው ጠርዝ ጎማው አልቆ ሽቦው ይታያል። ቴስቲናው ላልቶ ጎማው ወደ ውስጥ ተዛንፎ ሲፋቅ ከርሟል። ጎማውን ስፈታ ደግሞ የውጭው የፍሬን ሸራ ደህና ውፍረት አለው፤ የውስጡ ግን ብረቱ ዲስኩን እየቦረቦረ ነው፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ አንድ ጎን ብቻ ሲይዝ ኖሯል። በቸርኬው ቀዳዳ አጎንብሶ ለሚያይ ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነው። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ማየት የማይችለው ቦታ ላይ ነበር የተበላሸው። ማኅበሩ በሞት ከማስፈራራት ይልቅ ያንን ጎማ ፎቶ አንስቶ ወረቀቱ ላይ ቢያወጣው የማንንም ልብ ባገኘ ነበር።

ኖርዘም ያኔ ያቀረቡት ምክንያት ሕዝቡ በዓመት ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይተርፈዋል የሚል ነበር። ጋራዦችም መኪና ሻጮችም አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ2020 ጉባኤ ሐሳቡ ሳያልፍ ቀረ፤ በሁለት ዓመት አንዴ ይሁን የሚለው የመሃል ሐሳብም አብሮ ወደቀ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ የመሃሉ ነው። የሁለት ዓመት መኪናና 200 ሺህ ማይል የሄደ መኪና በአንድ ዓይነት የጊዜ ሰሌዳ የሚመረመሩበት ምክንያት አይገባኝም። ማኅበር አንዴ «እንዳለ ይቀመጥ» ብሎ ከቆመ ማሻሻያም እንደ ጠላት ይታየዋል፤ በዚህ ግትርነት የተነሳ ሌላ ቦታ ሁሉም ነገር እንዳለ ሲጣል አይተናል። ኒው ሃምፕሸርን ተመልከት፤ የመኪና ሻጮቹ ማኅበር ሲከራከር ኖሮ በ2025 ምክር ቤቱ ዓመታዊው ምርመራ ይቅር ብሎ ወሰነ።

እንግዲህ እኔ ብሆን ወረቀቱን እንዳለ አልፈርመውም። ዝም ብዬም አልቀመጥም። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ ወር ውስጥ ይሰበሰባል፤ ለእንደራሴህ ቢሮ ደውልና በራስህ አፍ ተናገር። ምርመራው ይቆይ፤ አዲስ መኪና ግን ለጥቂት ዓመታት ይለፈው፣ ከዚያም ረዘም ባለ ጊዜ ይሁን፤ መርማሪ «አልቋል» ያለውን ዕቃ ለባለመኪናው ሳያሳይ እንዳይጠግን ይገደድ፤ ፖሊስ ደግሞ ጉድለት ያለበት መኪና ሳይታወቅ እየላከ ጋራዦችን ይፈትን። ማኅበሩ እነዚህን ከጻፈበት መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። እነማን ለየትኛው እንደራሴ ገንዘብ እንደሰጡ ማየት ከፈለግህ የቨርጂኒያ ፐብሊክ አክሰስ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ላይ በስም ተዘርዝሮ ታገኘዋለህ። ከመደወልህ በፊት የራስህን እንደራሴ ስም እዚያ ፈልግ።

ለኡበር ሠራተኛ የምጨምረው አለኝ። እንደዚህ ያሉ ድርጅቶች በብዙ ቦታ የራሳቸውን የምርመራ ቅጽ ይጠይቃሉ። የግዛቱ ምርመራ ቢቀር ያንተ ግዴታ አብሮ ይቀራል ብለህ አትቁጠር፤ የሚቀረው በሕግ የተወሰነው ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እኔ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነኝ። ኢንስፔክሽን ተነሳ ብለውን ደስ ብሎን ነበር። ሬጅስትሬሽን ላድስ ስሄድ ግን 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም አስከፈሉኝ፤ የጭስ ምርመራም አድርጊ አሉኝ። ተታለልን ማለት ነው?

መልስ

እህቴ፣ ያስከፈሉሽ በሕጉ ነው፤ ሕጉ ሲወጣ ግን በደንብ የነገራችሁ ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ኤችቢ 3297 ነው፤ በ2023 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ድሮ ለደኅንነት ምርመራ ትከፍይ የነበረው 14 ዶላር ከ50 ነበር፤ 7ቱ ለጋራዡ፣ 7 ከ50ው ለግዛቱ። ሕጉ የጋራዡን 7 ዶላር አስቀረ፤ የግዛቱን ድርሻ «የምርመራ ምትክ ክፍያ» ብሎ አስቀመጠው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ለሁለት ዓመት 16 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይከፍላል። ገንዘቡ ለመንገድ ሥራ ፈንድ፣ ለግዛቱ ካዝናና ለአየር ጥራት ይሄዳል።

እዚያ የመርማሪዎቹ ማኅበር ተቃውሞ ተሸንፏል። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለግዛቱ ያጠኑት ጥናት እንኳ ምርመራው ይቀጥል ብሎ ነበር፤ አልተሰማም። ለእያንዳንዱ መኪና ከ7 ዶላር በላይ የማያገኝ ትንሽ ጋራዥ በምክር ቤት ፊት ጉልበት የለውም። ግዛቱ ግን ሥራውን ትቶ ገንዘቡን ማስቀረቱ በፍጹም ልክ አይመስለኝም፤ ለእንደራሴሽ ይህን በግልጽ ንገሪያቸው።

የጭሱ ጉዳይ ሌላ ነው። የደኅንነቱ ቢቀርም ዳላስን፣ ታራንትን፣ ኮሊንን፣ ሃሪስን ጨምሮ ትልልቅ ከተሞች ባሉባቸው ካውንቲዎች የጭስ ምርመራ ቀጥሏል፤ መነሻው የፌዴራሉ የአየር ጥራት ሕግ ስለሆነ ግዛቱ ብቻውን አያነሳውም። ጋርላንድ ዳላስ ካውንቲ ውስጥ ስለሆነች አንቺን ይመለከታል።

ማንም የማያይልሽ ከሆነ ጎማሽን ራስሽ እዪ። አንድ ሳንቲም ላይ ያለውን የሊንከንን ጭንቅላት ወደ ታች አድርገሽ ጥርሱ መሃል አስገቢው፤ የራሱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጥርሱ ከ2/32 ኢንች በታች ወርዷል፣ ጎማው ይቀየር። ከውጭው ብቻ አትለኪ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረሽ የውስጠኛውንም ጠርዝ ለኪ።

ጥያቄ

ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። መርማሪው ፍሬን አልቋል ብሎ ጣለኝ፤ እዚያው ካላሠራህ አይሆንም የሚል ነገርም ተናገረኝ። እውነት ነው?

መልስ

አይደለም። የተለጠፈብህ የውድቀት ስቲከር 15 ቀን ይሰጥሃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለግህበት ጋራዥ ማሠራት፣ ከቻልክም ራስህ መቀየር መብትህ ነው። ሠርተህ በ15 ቀኑ ውስጥ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ከተመለስክ የጣለህን ነገር ብቻ ያይልሃል፤ ክፍያውም 1 ዶላር ነው። ሌላ ጋራዥ ከወሰድከው ግን ከአዲስ ተመርምሮ ሙሉ ይከፈላል። ሸራውን ከማሠራትህ በፊት ጎማው ተፈትቶ እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ ስንት እንደለኩም በወረቀት ያስቀምጡልህ። አናሳይም ካሉህ ወይም ነገሩ ካላማረህ የጋራዡን ስምና የስቲከሩን ቁጥር ይዘህ ለግዛቱ ፖሊስ የደኅንነት ክፍል አመልክት፤ ፈቃዱን የሰጡትም የሚነጥቁትም እነሱ ናቸው።